ምዕራፍ 4፦ ከሕዝብ ቆጠራ እስከ ኮሮጆ

ጆ ባይደን በ2020 ጆርጂያን ያሸነፉት በ11,779 ድምፅ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወደ አምስት ሚሊዮን ሰው ድምፅ በሰጠበት ግዛት ይህ ከሺህ መራጭ ሁለት ሦስት ሰው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጆርጂያ ዴሞክራት ፕሬዚዳንት የመረጠችው በ1992 ሲሆን እሱም ቢል ክሊንተን ነበር። በ2004 ጆርጅ ቡሽ ጆን ኬሪን እዚያ ያሸነፉት ከ16 ነጥብ በላይ ርቀው ነው። ይህን ሁሉ ርቀት በ16 ዓመት ውስጥ ምን አጠበበው? የተለመደው መልስ አጭር ነው፦ ሕዝቡ ተለወጠ። መልሱ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1990 ስድስት ሚሊዮን ተኩል የነበረው የጆርጂያ ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 10.7 ሚሊዮን ደርሷል። በ2000 ከመቶ 63 ያህል የነበሩት ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጮች ከሃያ ዓመት በኋላ ከመቶ 50 ላይ ወርደዋል። በዚያ ግዛት ነጮች በብዛት ሪፐብሊካንን፣ ጥቁሮች በብዛት ዴሞክራትን ስለሚመርጡ፣ የቀረው የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ይመስላል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያቺው ጆርጂያ፣ የነጮቿ ድርሻ ይበልጥ አንሶ ሳለ፣ ዶናልድ ትራምፕን በ115 ሺህ ድምፅ ብልጫ መረጠች።

እንግዲህ አንዱ ማብራሪያ ሁለቱንም ውጤቶች ሊሸከም አይችልም። የሕዝብ ስብጥር መለወጥ አንድን ግዛት ወደ ፉክክር ያመጣዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ፉክክሩ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ግን አሸናፊውን የሚለዩት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከተቆጠረው ሕዝብ ውስጥ ድምፅ ወደ መስጠት የሚደርሰው ማን እንደሆነ፣ እና ከደረሰው ውስጥ ሐሳቡን የሚቀይረው ማን እንደሆነ። ፖለቲከኞችም ተንታኞችም ስብጥሩን ብቻ ይዘው እነዚህን ሁለቱን ሲዘነጉ፣ ትንቢታቸው በየአራት ዓመቱ ይከሽፋል። ጆርጂያ ይህን ለማየት ከሌሎች ግዛቶች ሁሉ ትመቻለች፤ ለውጡ ፈጣን ነው፣ ምርጫዎቿ እጅግ ተቀራራቢ ናቸው፣ መዝገቧም ከብዙዎቹ የተሻለ ነው።

በመጀመሪያ የለውጡን መጠን እንመልከት። ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የግዊኔት ካውንቲ በ1990 ወደ 350 ሺህ ሕዝብ ነበረው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ነጭ ነበር። በ2020 ነዋሪው 957 ሺህ ሲሆን ነጮቹ ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ከ1996ቱ ኦሎምፒክ በፊት በተጀመረው የግንባታ ዘመቻ ብዙ የሜክሲኮ ሠራተኞች ገቡ፤ ኮሪያውያን በደሉዝ ከተማ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ከፈቱ፤ ከሕንድ፣ ከቬትናም፣ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡም ተከተሉ። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ ባለው ድንጋጌ መሠረት ግዊኔት ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በስፓኒሽም የማተም ግዴታ ወድቆበታል፤ በጆርጂያ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከሁሉም ትልቁ ፍሰት ግን ከውጭ አገር የመጣው አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የደቡቡን ዘረኝነትና ድህነት ሸሽተው ወደ ቺካጎ፣ ኒውዮርክና ዲትሮይት የተሰደዱ ጥቁሮች የልጅ ልጆች ተመልሰው መጡ። ቤት ርካሽ ነበር፤ ሥራ ነበር፤ ሞርሃውስና ስፔልማንን የመሳሰሉ ጥንታዊ የጥቁሮች ኮሌጆች ያፈሩት የተማረ መካከለኛ መደብ ቀድሞውኑ ሥር ሰዶ ነበር። ከአትላንታ በስተ ደቡብ ያለው የሄንሪ ካውንቲ በ2012 ሚት ሮምኒን መርጦ በ2020 ለባይደን 20 ነጥብ ገደማ ብልጫ የሰጠው በዋናነት በእነዚህ ሰዎች መምጣት ነው።

ነገር ግን መቆጠር አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ መስጠት ሌላ። ቆጠራው ሕፃኑንም፣ ዜግነት የሌለውንም፣ የታሰረውንም እኩል ይቆጥራል። በ2020 ቆጠራ ከጆርጂያ ሕዝብ ከመቶ 10 በላይ ሂስፓኒክ ነው፤ ከተመዘገቡት መራጮች መካከል ግን የዚያን ግማሽ ያህል እንኳ ድርሻ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ገና ከ18 ዓመት በታች ወይም ዜግነት ያላገኙ ናቸውና። ይህን መንገድ የሐበሻ አንባቢ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዴካልብ ካውንቲ ያለችውን ትንሿን የክላርክስተን ከተማ እንውሰድ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የስደተኛ አስፋሪ ድርጅቶች ኢትዮጵያውያንን፣ ኤርትራውያንን፣ ሶማሌዎችን፣ ቬትናሞችን፣ ኋላም ቡታኖችንና ኮንጎዎችን አስፍረውባታል። በስደተኝነት የገባ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ ይጠይቃል፤ ለዜግነት ማመልከት የሚችለው ከገባበት ቀን አምስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ፣ የቋንቋና የታሪክ ፈተና አለ፣ ቃለ መሐላ አለ። በዲቪ የመጣውም ያንኑ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ በ2016 መገባደጃ አትላንታ ያረፈ ሰው በ2020 ቆጠራ ውስጥ አለ፤ በ2020 ምርጫ ውስጥ የለም።

ዜግነት ማግኘትም መጨረሻው አይደለም። ጆርጂያ ከ2016 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣን ዜጋ ወዲያው በመራጭነት ትመዘግባለች፤ በዚህም የተመዘገበው ሰው ቁጥር ከሰባት ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ዜግነት ሳያገኝ ከሆነ ግን ያ አሠራር አይነካውም፤ ራሱ ሄዶ መመዝገብ አለበት፤ የምዝገባው ቀነ ገደብም ከምርጫው አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ ያልፋል። ባሰ መልኩ፣ የቀድሞው የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ሰውየውን «ዜጋ ያልሆነ» እያለ ሊያስቀረው ይችላል። በ2018 የገዥነት ምርጫ ዋዜማ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ምዝገባቸው ተይዞ ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጣልቃ ገብቶ የዜግነት ማስረጃቸውን ለጣቢያው ኃላፊ አሳይተው እንዲመርጡ አዘዘ። ሪፐብሊካኑ ብራያን ኬምፕ ዴሞክራቷን ስቴሲ ኤብራምስን በዚያ ምርጫ ያሸነፉት በ55 ሺህ ገደማ ድምፅ ስለሆነ፣ ሦስት ሺህ ሰው ውጤቱን አይገለብጥም ነበር። በ2020 ግን ልዩነቱ 11,779 ብቻ እንደነበር ስናስታውስ፣ እንዲህ ያለው የቢሮ ጉዳይ ከቁብ የማይቆጠር አይሆንም።

ከተመዘገበው ውስጥስ የሚወጣው ማነው? እዚህ ላይ ጆርጂያ ለመርማሪ የምትመችበት ምክንያት አለ። ከጥቂት የደቡብ ግዛቶች ጋር፣ በምዝገባ ቅጹ ላይ የመራጩን ዘር ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ከየምርጫው በኋላ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ በግምት ሳይሆን በመዝገብ ይታወቃል። መዝገቡ በተከታታይ የሚያሳየው ከተመዘገቡ ነጮች የሚወጣው ድርሻ ከተመዘገቡ ጥቁሮች ከሚወጣው እንደሚበልጥ፣ ልዩነቱም ባራክ ኦባማ ከተወዳደሩ ወዲህ እየሰፋ እንደመጣ ነው። የመውጣትና የመቅረት ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ግን ሁለት የመለያ ምርጫዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በጆርጂያ ሕግ ከግማሽ በላይ ያገኘ እጩ ከሌለ ሁለቱ መሪዎች በመለያ ምርጫ እንደገና ይወዳደራሉ። በኅዳር 2008 የሪፐብሊካኑ ሴኔተር ሳክስቢ ቻምብሊስ ዴሞክራቱን ጂም ማርቲንን በሦስት ነጥብ ቢበልጡም ግማሹን ለጥቂት አጡ። ከአራት ሳምንት በኋላ በተደረገው መለያ ልዩነቱ ወደ 15 ነጥብ ተመነደገ። በአራት ሳምንት ውስጥ የጆርጂያ ሕዝብ አልተለወጠም፤ 3.7 ሚሊዮን የነበረው ድምፅ ሰጪ ወደ 2.1 ሚሊዮን ወረደ፤ የቀሩትም በአብዛኛው ለኦባማ ሲሉ የወጡት ነበሩ። በጥር 2021 ነገሩ ተገለበጠ። በኅዳር በ88 ሺህ ድምፅ ሲመሩ የነበሩት ሴኔተር ዴቪድ ፐርዱ በመለያው በጆን ኦሶፍ በ55 ሺህ ተሸነፉ። ወደ አራት ሚሊዮን ተኩል ሰው ወጣ፤ የጥቁሮቹ ሰፈሮች ብዙም ሳይቀንሱ፣ ምርጫው ተሰርቋል ሲባሉ የከረሙት የሪፐብሊካን ጠንካራ አካባቢዎች ይበልጥ ቀነሱ። በአንድ ቀን የተመረጡት ኦሶፍና ራፋኤል ዋርኖክ ሴኔቱን ለዴሞክራቶች አሳልፈው ሰጡ።

የድምፅ ክብደት በሕግ እንደሚሠራ ጆርጂያ ከድሮም ታውቀዋለች። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የዴሞክራቶች የቅድሚያ ምርጫ፣ ያኔ ዋናው ምርጫ እሱ ነበር፣ በካውንቲ ነጥብ ይቆጠር ነበር። ስምንቱ ትልልቅ ካውንቲዎች ስድስት ስድስት ነጥብ፣ ቀጣዮቹ 30 አራት አራት፣ ቀሪዎቹ 121 ሁለት ሁለት። በ1960 ቆጠራ አትላንታ ያለችበት ፉልተን 556,326 ሰው ነበራት፤ በፍሎሪዳ ድንበር ያለችው ኤኮልስ 1,876። ሒሳቡን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሠርቶታል፦ በኤኮልስ አንድ ነጥብ 938 ሰው ሲወክል፣ በፉልተን አንድ ነጥብ 92,721 ሰው ይወክል ነበር። ከግዛቱ ሕዝብ ከመቶ 14 የያዘችው ፉልተን ከነጥቡ ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አልነበራትም። ፍርድ ቤቱ አሠራሩን የሻረው በ1963 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ አትላንታ የፈለሰው ሰው ሁሉ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ በፖለቲካው ሚዛን ላይ ምንም ያህል አልጨመረም። «ሕዝብ ሲለወጥ ሥልጣንም ይለወጣል» ለሚል ሰው ይህ የግማሽ መቶ ዓመት ማስተባበያ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ሐሳብን ወደ መቀየር እንሂድ። እዚህ ላይ ግርድፍ ቢሆንም አንድ ስሌት ነገሩን ያጠራዋል። ድምፅ ሰጥተው የሚወጡ ሰዎችን በመጠየቅ በሚሠራው ጥናት መሠረት፣ በ2004 ከመቶ የጆርጂያ መራጭ 70 ነጭ፣ 25 ጥቁር ነበር፤ ኬሪ ከነጮቹ ከመቶ 23፣ ከጥቁሮቹ 88 አገኙ። በ2020 ከመቶው 61 ነጭ፣ 29 ጥቁር ነበር፤ ባይደን ከነጮቹ 30፣ ከጥቁሮቹ ያንኑ 88 አገኙ። የቀሩትን፣ ላቲኖና እስያውያን የሚበዙባቸውን፣ በሁለቱም ጊዜ ከአሥር ስድስቱ ዴሞክራት መረጡ ብለን እናስብ። የ2004ቱ ድምር 41፣ የ2020ው ከ50 ጥቂት ያነሰ ይሆናል፤ ሁለቱም ከእውነተኛው ውጤት ጋር ይቀራረባሉ። እንግዲህ እንለዋውጥ። የመራጩ ስብጥር እንደ 2020 ሆኖ ነጮቹ እንደ 2004 ቢመርጡ ኖሮ ባይደን 45 ተኩል ላይ ይቆሙ ነበር። ስብጥሩ እንደ 2004 ሆኖ ነጮቹ እንደ 2020 ቢመርጡስ? 46። አንዱ ብቻውን ሽንፈት ነው፤ ያም ሰባት ስምንት ነጥብ የሚርቅ ሽንፈት። ግማሹን መንገድ የሄዱት አዲሶቹ ሰዎች ናቸው፤ ሌላውን ግማሽ ያስኬዱት ከመቶ ነጭ መራጭ ሰባቱ ናቸው። ስለ ጆርጂያ በተጻፈው ሁሉ ውስጥ እነዚህ ሰባት ሰዎች የሚገባቸውን ቦታ ያገኙ አይመስለኝም።

ብልህ ተቃዋሚ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። ሰባቱ ሐሳባቸውን የቀየሩ ሰዎች መሆናቸውን በምን አወቅህ? አሮጌ ሪፐብሊካን ነጮች አርጅተው ሞተው፣ በምትካቸው ከካሊፎርኒያና ከኒውጀርሲ የመጡ ወጣት ባለዲግሪ ነጮች ገብተው ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ ይህም ያው የስብጥር ለውጥ ነው፤ በቆዳ ቀለም ስለማይታይ ብቻ የተሰወረ። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ በከፊልም ልክ ነው፤ የቀድሞው ሪፐብሊካን አፈ ጉባኤ የኒውት ጊንግሪች ሰፈር በነበረው በኮብ ካውንቲ ብዙ አዳዲስ ነዋሪ ገብቷል። ግን አንድን ሰው ከራሱ ጋር ማወዳደር የሚቻልበት መንገድ አለ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ የሰጣቸውን ሁለት ድምፆች ማየት። በኅዳር 2022 ብራያን ኬምፕ ኤብራምስን በ298 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ። በዚያው ወረቀት ላይ ለሴኔት የተወዳደሩት የኬምፕ ፓርቲ ሰው፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ዝነኛው ኸርሸል ዎከር፣ ከኬምፕ በ203 ሺህ ያነሰ ድምፅ አግኝተው በዋርኖክ ተበለጡ፤ በታኅሣሥ መለያም ተሸነፉ። ከወረቀቱ አንድ መስመር ወደ ሌላው መስመር በሚወርድ እስክሪብቶ መካከል ማንም አልሞተም፤ ማንም ከኒውጀርሲ አልመጣም። ኬምፕን መርጠው ዎከርን የተዉት ሰዎች እጩን የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው። ከ2020ው የባይደን ብልጫ ጋር ቢተያይ ቁጥራቸው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

ግዊኔት ደግሞ ከዚህም የሚገርም ነገር አሳይቷል። በ1971 የካውንቲው ነዋሪዎች የአትላንታን የባቡርና የአውቶቡስ አገልግሎት፣ ማርታን፣ አንፈልግም ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ያኔ ከጀርባው የነበረው ፍርሃት ጥቁሮች ከመሐል ከተማ ይመጡብናል የሚል መሆኑ የታወቀ ነው። በ1990 ደግመው እምቢ አሉ። ሕዝቡ ሲቀየር ይህም ይቀየራል ተብሎ ተጠበቀ። በመጋቢት 2019፣ ነጮች አናሳ ከሆኑ ከዓመታት በኋላ፣ ጥያቄው ቀርቦ ወደቀ። በኅዳር 2020 ደግሞ ባይደን ካውንቲውን በ18 ነጥብ ሲያሸንፉ፣ በዚያው ቀን የቀረበው የትራንስፖርት ዕቅድ በአንድ ሺህ ገደማ ድምፅ ተሸነፈ። በ2024ም እንዲሁ። ዕቅዱ የሽያጭ ታክስ ይጨምራል፤ አዲሱ የግዊኔት ነዋሪ መኪና አለው፣ ሱቅ አለው፣ የቤት ዕዳ አለው። ዘሩን አይቶ ስለ ታክስ ምን እንደሚያስብ የሚተነብይ ሰው ገንዘቡን ባያሲዝ ይሻለዋል።

የገጠሩ ታሪክ ደግሞ ክርክሩን ከሌላኛው ጫፍ ያጠናክረዋል፤ ስለ ስብጥር የሚያወሩ ሰዎች ግን ወደዚያ ዞር ብለው አያዩም፤ መራጩ ሕዝብ ብዙም ስላልተለወጠ። በ1976 የፕሌይንሱ ኦቾሎኒ ገበሬ ጂሚ ካርተር 159ኙንም የጆርጂያ ካውንቲዎች አሸነፉ። ሁሉንም። ከላይ ያነሣናት ኤኮልስ ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ዛሬ በኤኮልስ ከአሥር መራጭ ከስምንት በላይ የሚሆነው ትራምፕን ይመርጣል። ይህን በዋናነት ያመጣው አዲስ መራጭ አይደለም፤ ያው ቤተሰብ፣ ያው መሬት፣ የልጅ ልጁ ሌላ ፓርቲ ይመርጣል። የገጠር ነጮች ከዴሞክራት ፓርቲ ያፈነገጡት በዘር መብት፣ በሃይማኖት፣ በጦር መሣሪያ፣ በ2001 ደግሞ ዴሞክራቱ አገረ ገዥ ሮይ ባርንስ የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ምልክት ያለበትን የግዛቱን ባንዲራ በመቀየራቸው ተቆጥተው ነው። በ2002 ምርጫ ሰኒ ፐርዱ ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ገዥ ሆነው ተመረጡ። በጆርጂያ ዘመናዊ ታሪክ ትልቁ የፖለቲካ ለውጥ የመጣው በተመሳሳይ ሰዎች ልብ ውስጥ ነው፤ ቆጠራ ላይ ብታገላብጡት አታገኙትም።

የመጤው ማኅበረሰብስ ልብ? እሱም የአንድ ፓርቲ ንብረት አይደለም። በ2002 ጆን ጁዲስና ሩይ ቴሼራ የተባሉ ጸሐፊዎች አዲስ የዴሞክራት አብላጫ እየመጣ ነው ብለው ጻፉ። መጽሐፉ ሠራተኛው ነጭ ካልተያዘ ነገሩ እንደማይሳካም ያስጠነቀቀ ነበር፤ ብዙ ፖለቲከኛ ግን ርዕሱን ብቻ ይዞ ሄደ። በ2024 ከመቶ 97ቱ ሂስፓኒክ የሆነው የቴክሳሱ ስታር ካውንቲ ከመቶ ዓመት በላይ ዴሞክራት ሲመርጥ ቆይቶ ሪፐብሊካን መረጠ። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ቨርጂኒያ ነው። በ2021 የገዥነት ምርጫ፣ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን በይፋ ቀሰቀሱ። ያንግኪን በሁለት ነጥብ፣ ከ60 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። ያሸነፉት በሐበሻ ድምፅ ነው ማለት አይቻልም፤ ያን ያህል ቁጥር የለንም፤ የትምህርት ቤት ጉዳይ የበለጠ ገፍቷቸዋል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በቆዳው፣ በስደተኝነቱና በአሌክሳንድሪያ ነዋሪነቱ «ዴሞክራት» ተብሎ በሠንጠረዥ የተሞላ ሰው፣ የአገሩ ነገር ሲነካው ሠንጠረዡን ጥሎ ወጣ።

ከዚህ ተነሥቶ የሕዝብ ስብጥር ምንም አይደለም የሚል ካለ ደግሞ ተሳስቷል። ከላይ ያየነው ስሌት ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ የአትላንታ ዙሪያ ባይሞላ ኖሮ፣ የኮብና የግዊኔት ባለዲግሪ ነጮች ሐሳብ ቢቀይሩም ውጤቱ 46 ነበር፤ ዎከርም ኬምፕም በሰፊው ባሸነፉ፣ እኛም ስለ ጆርጂያ ባላወራን። ሪፐብሊካኖች ይህን በደንብ ስለሚያውቁ ነው በ2021 የምርጫውን ሕግ የቀየሩት። በፖስታ ለሚመርጥ ሰው የመታወቂያ ቁጥር ተጠየቀ፤ ድምፅ የሚጣልባቸው ሣጥኖች ተቀነሱ፤ በዋናው ምርጫና በመለያው መካከል የነበረው ዘጠኝ ሳምንት ወደ አራት ዝቅ አለ። ዴሞክራቶች ይህ ጥቁሮችን ከምርጫ ያስቀራል አሉ፤ ሪፐብሊካኖች በ2022 ብዙ ሰው ቀድሞ መምረጡን እያሳዩ ተሳለቁ። ጠቅላላው ቁጥር መልካም ነበር፤ በነጭና በጥቁር መካከል ያለው የመውጣት ልዩነት ግን ሰፋ። ሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው አሉ፤ የትኛው የሕጉ፣ የትኛው የእጩዎቹ ሥራ እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም።

የ2024 ውጤት በዚህ ዓይን ሲታይ እንቆቅልሽ አይሆንም። ካማላ ሃሪስ በጆርጂያ ያገኙት ድምፅ ባይደን ካሸነፉበት ድምፅ በ74 ሺህ ይበልጣል፤ ትራምፕ ግን በ2020 ካገኙት 201 ሺህ ጨመሩ። ስብጥሩ ለዴሞክራቶች መሥራቱን አላቆመም፤ ሄንሪ ካውንቲ በዚያ ዓመት እንኳ፣ አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ሲያጋድል፣ ወደ እነሱ ይበልጥ ቀረበ። ትራምፕ የጨመሩት በሌላ በኩል ነው፤ ከዚህ በፊት ወጥተው የማያውቁ የገጠርና የትናንሽ ከተማ ሰዎችን አስወጡ፤ በኑሮ ውድነት የተማረሩትን፣ ጥቂት ጥቁርና ላቲኖ ወንዶችንም ጨምሮ፣ አስከተሉ። ከግዛቱ መሐል ብዙ ጥቁር ሕዝብ ያላቸው እንደ ባልድዊንና ዋሽንግተን ያሉ ካውንቲዎች ከባይደን ወደ ትራምፕ ተሻገሩ፤ ወጣቱ ወደ አትላንታ ሄዷል፣ ከቀረው ደግሞ ሁሉም አልወጣም።

ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2025፣ ጆርጂያ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለሚወስነው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ሁለት መቀመጫዎች መረጠች። በወትሮው ማንም የማያየው ምርጫ ነው፤ ወንበሮቹ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበሩ። የመብራት ሒሳብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በተደጋጋሚ ጨምሮ ነበር። ሁለቱ ዴሞክራቶች፣ አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሃባርድ፣ እያንዳንዳቸው ከመቶ ከ60 በላይ አግኝተው አሸነፉ። የሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ የሚደረገው በ2030 ነው።